ጉዳዩ፦ ሚዛን ስለማስመለስ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጃንጥላ ዘርግቼ፣
በሁለት ወረቀት መሃል ካርቦን አስገብቼ፣
አማርኛውን በፊደል፣ ኦሮምኛውን በቁቤ፣
አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ላጣ ሰው በዱቤ፣
ቃሌን እንደ ጨው ነጋዴ ቆጥቤ ቆጥቤ።

ማክሰኞ ማለዳ መጣ፣ ተማም አባ ዲጋ፣
ያላለቀ ሌሊት ይዞ፣ ለሱ ገና ሳይነጋ።
ሂርማታ ገበያ መግቢያ፣ መስታወቱ የነቃ
የሰው ሚዛን ነበረው፣
ሁለት ብር የከፈለን እኩል የሚመዝን፣ በቃ።
ጫኝ አውራጁ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ልጅ፣
ጫማ አውልቀው ሲወጡበት፣ መርፌው ሲርድ፣
ተማም ቁጥሩን ያነብ ነበር፣ ዝግ ብሎ፣ እንደ ፍርድ።

ሰኞ ለት ደንቦች መጡ። (ሕዝቡ እንዲህ ነው የሚላቸው፣
ደንቡና አስከባሪው ተጣብቆ አንድ ሆኖበት ስማቸው።)
«መንገዱ ሊያምር ነው» አሉ። «ኮሪደር ነው» አሉ።
ሚዛኑን ከነሸራው ፒካፕ ላይ ጣሉ።
ተማም አልጮኸም፤ «ደረሰኝ…» ብሎ ብቻ ጠየቀ፤
ትንሹ ደንብ አስከባሪ፣ ላቀው የሚሉት፣ አፍሮ ሳቀ።

እኔም ጻፍኩ። መዝገብ ቤት «ንግድ ፈቃድ» አለ። ንግድ ቢሮ ቢሄድ፣
«አድራሻህ የት ነው? መታወቂያ አምጣ፤ ቀበሌ ሂድ።»
ቀበሌ ደግሞ «መልቀቂያ፣
ከዴዶ፣ ከተወለድክበት።» ዴዶ፦ «የቀድሞው መታወቂያ።»
መታወቂያው ከጎጆው ጋር ሄዷል፣ በጎርፉ ዓመት።
«እንግዲያ ፖሊስ ጋ አመልክት፣ የጠፋበትን ዕለት።»
ዕለቱን ማን ያስታውሳል? ያን ለት የቆጠረው ልጆቹን ነው።
(አንድ ጎደለው። ይህን ጽፌው ነበር፤ አብረን ሰረዝነው።)

ሕጉ ክፉ አይደለም፤ አንብቤዋለሁ እኔ፣
በእጄ ገልብጬዋለሁ፣ እስኪያለቅስ ዓይኔ።
በሁለቱም ቋንቋ ያምራል፤ ነጠላ ሰረዙ ልክ፤
«ማንኛውም ሰው» ይላል፤ አይመርጥም በመልክ።
ግን ያ ማንኛውም ሰው ቤት አለው፣ ቁጥር ያለው በር፣
ጎርፍ አያውቅም፤ አይቸግረውም ለፎቶ ኮፒ ብር።
ተማም ማንኛውም ሰው ሊሆን ሁለት ወር ሞከረው፤
ሦስት ወረቀት ቀረው።

አንድ ቀን በሽቦው ቀዳዳ አየነው፣ መጋዘን ገብቶ፣
የአንድ ሊስትሮ ሣጥን ከነብሩሹ ላዩ ላይ ተረስቶ።
መርፌው አራት ኪሎን ይዟል፤ ማንም ሳይከፍለው ሁለት ብር።
«እየሠራ ነው» አለኝ ተማም፣ ሲኮራ፣ ወዲያው ሲያፍር።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ጃንጥላዬን ሲቀጠቅጥ፣
ላቀው መጣ፣ ያለ ዩኒፎርም፣ አጠገቤ ሊቀመጥ።
አዌቱ ወንዝ ዳር የተከራያት ክፍል ቀይ ቀለም ተቀብታለች፤
«በሰባት ቀን» ተብሏል። ሚስቱ አራስ ናት፣ ግድግዳውን ታያለች።
«ተከራይ ካሳ የለውም አሉኝ። ጻፍልኝ፣ በሕጉ መሠረት…»
ብዕሬ ቆመ። የትኛው መሠረት?
የኛ ቤቶች ጭቃ ናቸው፤ መሠረት የላቸውም፣
አልኩ በልቤ። ለሱ አልነገርኩትም።

«ልጅቷ አልፋፋ አለች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ትላንት መጋዘን አስገባኋቸው፣ ዘበኛው አይቶ ሸሽጎ።
እናቷን ከነልጇ መዘንኩ፣ ከዚያ እናቷን ብቻ፤
ቀንሼ አየሁት፦ ሁለት ኪሎ ከሩብ።»
ይህም አይገባም ከማመልከቻ።

ለተማም ነገርኩት ማታ፣ ድልድዩ ላይ አግኝቼው፣
እርግማን ይወጣዋል ብዬ፣ አፉን አፉን እያየሁት፣ ፈርቼው።
ወደ መጋዘኑ በኩል ዞሮ፣ ካፊያው ውስጥ ብዙ ቆየ፤
ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ እንደሚቆጥር ሰው ወደ ላይ አየ።
«ብርድ ልብሱን» አለኝ፣
«ብርድ ልብሱን ቀንሷል?»